ከግድግዳው ውጭ የቆመችው ነጥብ

ኅዳር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

የላብራቶሪው ደብተር ለመለኪያ ነው። መለኪያ የማይወጣላቸውን ጉዳዮች እዚያ ማስፈር የጥናቱን ሥርዓት ስለሚያፋልስ ይህን ሁለተኛ ደብተር ገዛሁ። ማንም እንዲያነብበው አልጽፍም፤ ቢነበብም የሚያሳፍር ነገር እንዳይገኝበት እጠነቀቃለሁ።

የጥናቴ ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። ሰው ደጅ ሲሆን ሳተላይት ያለበትን ቦታ ይነግረዋል፤ ጣሪያ ሥር ሲገባ ግን ሳተላይቱ ያጣዋል። ስለዚህ በሰብል ናሙና ማዕከላችን ግድግዳዎች ላይ ትንንሽ ሴንሰሮች ሰቅያለሁ። ሠራተኛው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው በባትሪ የሚሠራ መለያ ያለማቋረጥ ሲግናል ይልካል፤ ሴንሰሮቹ የሲግናሉን ጉልበት ለክተው ሰውየው የቆመበትን ቦታ በስክሪኑ ካርታ ላይ በቁጥር በተሰየመ ነጥብ ያሳያሉ። እኔ ነጥብ 1 ነኝ።

አማካይ ስሕተቱ አራት ሜትር ነው። የዶክትሬት አማካሪዬ ፕሮፌሰር ከአዲስ አበባ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፉልኝ፦ «ከሁለት ሜትር ሳይወርድ ለጥናት መከላከያ እንዳትቀርብ።»

በቢሮዬ በር ላይ «ሙከራ ላይ ነው፤ እባክዎ አያንኳኩ» የሚል ወረቀት ለጠፍሁ። በሩ ላይ ሴንሰር አለ፤ ማንኳኳት ያነቃንቀዋል።

ኅዳር 6

ስክሪኑ ሾፌራችንን ጌቱን ከሕንፃው ጀርባ ባለው የውሃ ሮቶ ውስጥ አሳየው። ጌቱ በዚያ ሰዓት መኪናውን ያጥብ ነበር። ምሳ ላይ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ኢንጂነር፣ ውሃው በርዶኛል፤ አውጣኝ እንጂ» አለኝ።

ውሃ የሬዲዮ ሞገድን እንደሚውጥ አብራራሁ።

«እኔንም ዋጠኛ፤ በል ለባለቤቴ አንተው ንገራት።»

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አቶ ታረቀኝ ጠሩኝና በሩን ዘጉ። ነጥባቸው ከሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲታይ አርፍዷል። «ልጄ፣ እኔ ልጅ የዳርሁ ሰው ነኝ» አሉኝ። ስሕተቱ ሦስት ሜትር ብቻ መሆኑን ገለጽሁላቸው። «ሦስት ሜትር የሚያህል ስም ማጥፋት ነው» አሉ።

ነጥቡን ማንቀሳቀስ ሳይንሳዊ አይሆንም። የካርታውን ግድግዳ አንድ ሜትር ከግማሽ ገፋሁት። ጊዜያዊ ነው።

ኅዳር 9

የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ እንዳላማው ሰርኩላር አወጣ። ከሰኞ ጀምሮ የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው በነጥብ ነው። ነጥቡ ከሕንፃው የወጣ ሠራተኛ ደመወዙ ይቆረጣል። የስብሰባ ተገኚም በፊርማ መሆኑ ቀርቶ ከስክሪኑ ይመዘገባል፤ ሰው አንዱ ለሌላው እየፈረመ ስላስቸገረ።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ይህ እኮ ሙከራ ነው» አልሁት።

«የብርጓልም በሙከራ ላይ ናት። ደመወዝ ግን ትበላለች።»

የብርጓል የናሙና ክፍሉ ጠባቂ ናት። ከጉንደ ወይን መጥታ ታናሽ እኅቷን ቤት ተከራይታ እዚህ ታስተምራለች። የሙከራ ጊዜዋ ታኅሣሥ 20 ያበቃል፤ እስከዚያ ቀን ኮሚቴ ተሰብስቦ ካላሰናበታት በራሱ ቋሚ ትሆናለች። ይህን የጻፍሁት ነጥቧን ለመለየት ነው። ነጥብ 17 ናት።

ነጥብ 17 ላይ አንድ ችግር አለ። ጠዋት ጠዋት ከቢሮዬ በር ፊት ለረጅም ጊዜ ቆማ ትታያለች። ናሙና ክፍሉ በሕንፃው ሌላ ጫፍ ነው፤ በእኔ በር ፊት የሚያቆማት የሥራ ምክንያት የለም። ስለዚህ ሲግናሏ ከብረት በሩ ላይ ተንጸባርቆ የተሳሳተ ንባብ ሰጥቷል ብዬ ደመደምሁ። ንባቦቹን ደመሰስኋቸው።

ኅዳር 13

የሒሳብ ሹሟ የወይዘሮ ወንጌላዊት ነጥብ ኮሪደር ላይ ይታያል። ስሕተት ነው ብዬ ሳልጨርስ አቶ እንዳላማው ጠረጴዛዋን አስነሥቶ ነጥቡ ካለበት ቦታ አስቀመጠው። አሁን ከጮቄ ተራራ በሚወርደው ብርድ ጋቢ ደርባ ኮሪደር ላይ ትሠራለች።

ጌቱ ሲያልፍ፣ «እሜቴ፣ ተባረሩ እንዴ?» አላት።

«አልተባረርሁም፤ ተስተካከልሁ።»

የእርሷ ስሕተት ዛሬ ዜሮ ነው። መመዝገብ አለመመዝገቡን አልወሰንሁም።

ነጥብ 17 ዛሬም በቢሮዬ በር ፊት። ደመሰስሁ።

ኅዳር 17

ከቀትር ጀምሮ አልተነሣሁም። መፍትሔው የተገኘ ይመስለኛል፤ በጥንቃቄ ላስቀምጠው።

ሴንሰሮቹን በማብዛት የሚገኘው ጥቅም አልቋል። ስለ ሲግናል የማውቀውን ሁሉ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ስለ ሰው የማውቀውን ግን አንድም አልነገርኋቸውም። ስለ ሰው ሁለት ነገር በእርግጠኝነት አውቃለሁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሊቆሙ አይችሉም። ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከለመደው ቦታ አይጠፋም። እነዚህን በሕግ መልክ ጻፍኋቸው፤ ነጥቦች ከተደራረቡ ይገፋፉ፣ የተገፋውም ብዙ ጊዜ ወደሚታይበት ቦታ ይሂድ።

ጌቱ ከሮቶው ወጣ። አቶ ታረቀኝ በወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ነጥቦቹ ሁሉ በየክፍላቸው እንደ ሰዉ ሁሉ ተረጋጉ። አማካይ ስሕተት አንድ ሜትር ከሠላሳ።

ውጤቱን ለፕሮፌሰር ላክሁ። ደስታ ተሰማኝ፤ ደስታን በዚህ ደብተር ማስፈር እንደሚቻል አላሰብሁም ነበር።

ኅዳር 18

ፕሮፌሰር፦ «ጥሩ። ቀጥል።»

ኅዳር 22

በችኮላ። የአቶ እንዳላማው እናት ይጁቤ ላይ አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ነው። ሰው ሁሉ ሊሄድ ነው፤ የማይሄድ ሰው ነገ የማንን ፊት ያያል። በሰርኩላሩ ግን ከዘመድ በቀር የለቅሶ ፈቃድ የለም። ጌቱ ዘንቢል ይዞ በየቢሮው እየዞረ መለያ ይሰበስባል። የመጀመሪያው መለያ የአቶ እንዳላማው ነው፤ ትናንት ማታ ሲሄድ ለጌቱ ሰጥቶታል። አቶ ታረቀኝ ወደ መስኮቱ እያዩ የራሳቸውን ከተቱ።

የብርጓል ቀረች። የናሙናው እርጥበት በቀን ሁለት ጊዜ ካልተለካ ይበላሻል፤ ስልክም የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። «እኔ ቅዳሜ በሠልስቱ እሄዳለሁ፤ እናንተ ሂዱ» አለች። ዘንቢሉን ተቀበለች።

«የብር፣ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ተሸክመሻል፤ እንዳትጥይን» አላት ጌቱ።

የእኔንም ከተትሁ። የመረጃው ተከታታይነት እንዳይቋረጥ ነው።

በዚያው ቀን፣ ማታ

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አቶ እንዳላማው አልቅሶ ድምፁ ተዘግቷል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ይህን በአክብሮት እጽፋለሁ። ሳቅፈው በጆሮዬ፣ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አለና ቀጥሎ፣ «ስክሪኑ ደኅና ነው?» አለኝ።

ደኅና ነው አልሁት።

ስመለስ የቀኑን መዝገብ ከፈትሁ። ሠራተኛው ሁሉ በየቢሮው ተቀምጦ ውሏል። ማንም አልተነሣም፣ ማንም አላረፈደም። እስከ ዛሬ ካገኘኋቸው ውጤቶች ይህን የመሰለ ውበት ያለው የለም። አማካይ ስሕተቱን ለማስላት ሞከርሁና እውነተኛ ቦታ የሚባለው የትኛው እንደሚሆን ስላልለየሁ ተውሁት።

ነጥብ 17 ከግድግዳው ውጭ፣ ከአጥሩ ወዲያ በጎረቤት የገብስ ክምር ላይ። በኋላ እመለከተዋለሁ።

ኅዳር 28

በኋላ አልተመለከትሁትም። አቶ እንዳላማው ተመለከተው።

ከሐዘኑ ተመልሶ የመጀመሪያ ሥራው መዝገቡን መክፈት ሆነ። ኅዳር 22 ቀን ከሠራተኞች ሁሉ ሥራዋን ትታ የወጣች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢው አቶ ታረቀኝ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ወንጌላዊት፣ ከሳሹም አባሉም አቶ እንዳላማው። በሙከራ ጊዜ ቀኑን ሙሉ መጥፋት ያሰናብታል።

ወደ አቶ እንዳላማው ቢሮ ሄድሁ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ያልሁት ግን፣ «ጉዳዩ ጥንቃቄ ይሻል» የሚል ብቻ ነው።

«ምን ጥንቃቄ? እኔ ቢሮዬ ነበርሁ፣ አንተም ቢሮህ ነበርህ። ስክሪኑን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ያበጀኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዱ፣ «ምስኪን፣ እሷ ብቻ እኮ ነበረች የነበረችው» አለ። ሌላው፣ «ቀስ በል፤ እሷ ነበረች ካልህ አንተ አልነበርህማ» አለው። ሁለቱም ሻያቸውን ጠጡ። እኔም ጠጣሁ።

ታኅሣሥ 3

የብርጓል ግቢው ውስጥ፣ ስንዴ ከሚሰጣበት ሸራ አጠገብ አገኘችኝ።

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የዚያን ቀን እኔ የት ነበርሁ?»

«በሥርዓቱ መሠረት ከአጥሩ ወዲያ፣ የገብሱ ክምር ላይ።»

«ክምሩ ላይ ምን እሠራ ነበር?»

«ያንን ሥርዓቱ አይመዘግብም።»

ፊቴን አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ዘንቢሉን ኮሪደር ላይ ከወይዘሮ ወንጌላዊት ጠረጴዛ አስቀምጬ ስልክ ስቀበል ነው የዋልሁት። የእርስዎን ግን ከዘንቢሉ አውጥቼ በኪሴ ይዤው ነበር።»

«ለምን?»

«እንዳይጫጫር ብዬ ነዋ» አለችና ስንዴውን ልታገላብጥ ሄደች።

ለምን ብዬ መጠየቄ ከጥናቱ አንጻር ተገቢ ነበር። መለያ በኪስ ሲያዝ ሲግናሉ ይዳከማል።

ታኅሣሥ 8

ዛሬ ማዕከሉ ዝግ ስለሆነ ብቻዬን ሠራሁ። ነጥብ 17 ለምን እንደ ተገፋች አሁን አውቃለሁ። አውቃለሁ ማለቴ ማስረጃ አለኝ ማለት ነው።

በዚያ ቀን የሌሎቹ መለያዎች አንድ ዘንቢል ውስጥ፣ የእኔም በእርሷ ኪስ ስለነበሩ ሕጉ ገፋፋቸው። እያንዳንዱ ነጥብ ወደለመደው ቦታ ሄደ። ነጥብ 17 ግን የለመደችው ቦታ ተብሎ የተያዘላት አልነበረም። ናሙና ክፍሉ ውስጥ የእህሉ እርጥበት ሲግናሏን ስለሚውጠው ከዚያ የሚመጣው ንባብ ጥቂት ነው። ብዙ ንባብ የነበራት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱንም ጠዋት ጠዋት የደመሰስሁት እኔ ነኝ። መሄጃ የሌላት ነጥብ ግፊያው ግድግዳውን አሳልፎ ጣላት።

ቀጥሎ ማረጋገጥ የነበረብኝ የብረት በሩን ነጸብራቅ ነው። ይህን ማድረግ የነበረብኝ ኅዳር 9 ቀን፣ ከመደምሰሴ በፊት ነበር። አንድ መለያ ናሙና ክፍሉ ውስጥ ሰቅዬ ቢሮዬ ተቀመጥሁና ጠበቅሁ። አንድም ንባብ በሬ ፊት አልታየም። መለያውን አዘዋወርሁ፣ ከፍ አደረግሁ፣ ዝቅ አደረግሁ፤ አልታየም። በሩ ምንም አያንጸባርቅም።

ከዚህ የሚወጣውን መደምደሚያ ዛሬ አልጽፍም። ጥንቃቄ ይሻል።

ታኅሣሥ 12

ፕሮፌሰር ደወሉ። የመከላከያው ቀን ተቆርጧል። «ሁለቱ ሕጎች ግሩም ናቸው፤ እንዴት መጣልህ?» አሉኝ። ሰዎችን በማየት አልሁ።

ሰዎችን አላየሁም።

ታኅሣሥ 18

ነገ ገብርኤል ስለሆነ ኮሚቴው ለ20 ተላልፏል፤ ያ የመጨረሻው ቀን ነው። እኔ መዝገቡ ትክክል መሆኑን እንዳረጋግጥ ተጠርቻለሁ። ትክክል ነው ካልሁ ትባረራለች። ስሕተት ነው ካልሁ የኅዳር 22 ቀን የሁላችንም ደመወዝ ይቆረጣል፣ የእኔም መመረቂያ ይቀራል። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ። ሰርኩላሩን አምስት ጊዜ አነበብሁት።

የብርጓልን በሩቁ አየኋት። እኅቷ ደብተር ይዛ አጥሩ ሥር ትጠብቃት ነበር። ነጥብ 17 ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በሬ ፊት አልታየችም። የምደመስሰው ነገር የለኝም።

ታኅሣሥ 20

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

በስብሰባ ክፍሉ አምስት ሆነን ተቀመጥን። የብርጓል ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ስክሪኑ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ገና አልተከፈተም። አቶ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ክሱ ይነበብ አሉ።

«ይቅርታ ክቡር ሰብሳቢ» አልሁ፤ «በቅድሚያ ተገኚው ይመዝገብ። በሰርኩላሩ መሠረት።»

«እውነቱን ነው» አለ አቶ እንዳላማው፤ ሰርኩላሩ ሲጠቀስለት ደስ ይለዋል። ስክሪኑን እርሱ ራሱ ከፈተው።

የስብሰባ ክፍሉ በካርታው ላይ ባዶ ነበር። አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንቀመጥ ሕጉ ገፋፍቶ ወደየለመድነው ቦታ በትኖናል። አቶ ታረቀኝ በቢሯቸው። አቶ እንዳላማው በቢሮው። እኔ በቢሮዬ። የብርጓል ክምሩ ላይ።

ወይዘሮ ወንጌላዊት መነጽሯን ከፍ አድርጋ ስክሪኑን እያየች ጻፈች። «እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ» አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከደነችው። «ተገኚ የለም።»

«እንዴት የለም? ይኸው ተቀምጫለሁ እኮ» አለ አቶ እንዳላማው።

«ጋሼ፣ ቢሮዎ ነዎት። በፊርማ መሆኑ ቀርቷል ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። በዚህ ሰርኩላር እኔ ኮሪደር ላይ ወር ሙሉ በርዶኛል፤ እርስዎን እንዴት እለይልዎታለሁ?»

አቶ እንዳላማው ወደ እኔ ዞረ። «ተበላሽቷል በላቸው።»

በዚህ ጊዜ መናገር ጀመርሁ። ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ አስቀድሜ ስላወቅሁ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አዘጋጅቼ ነበር። «አልተበላሸም። ያዘዝሁትን ነው የሚሠራው። ሁለት ሰዎች አብረው ሊሆኑ አይችሉም አልሁት፤ ስለዚህ አብረው ያሉ ሰዎችን ይበትናል። ነጥብ 17ን ከግድግዳ ያስወጣት የእኔ ሕግ ነው። ቦታዋን የደመሰስሁትም እኔ ነኝ። ኅዳር 22 ቀን በዚህ ሕንፃ ውስጥ የነበረችው የብርጓል ብቻ ናት። ሁላችንም ይጁቤ—»

«ኢንጂነር» አሉ አቶ ታረቀኝ፤ ረጋ ብለው። «ባልተሰበሰበ ኮሚቴ ፊት አይነገርም።»

እርሳቸው ስክሪኑን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። የሚያሰሉት ነገር ይገባኝ ነበር፤ ስክሪኑ ከተሳሳተ የለቅሶው ቀን ጉዳይ ይከፈታል፣ ከለቅሶውም ጋር የእርሳቸው መለያ።

«ስክሪኑ ትክክል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ኮሚቴው አልተሰበሰበም።»

«ከሰዓት እንሰብሰባ» አለ አቶ እንዳላማው።

«ከሰዓትስ የት ልትሆን ነው? እዚያው ቢሮህ ነህ» አሉና ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ። «ልጄ፣ አንቺም እዚህ የለሽም። ሂጂ ናሙናሽን ለኪ።»

የብርጓል ተነሥታ እጅ ነሳችና ወጣች። ወደ ማናችን እንደ ሆነ አልለየሁም።

ሥራው ሲያበቃ ጌቱ በኮሪደሩ፣ «የብር ቋሚ ሆነች፤ ፈራጅ ጠፍቶ» እያለ ያወራ ነበር።

ታኅሣሥ 23

ሁለቱን ሕጎች አነሣሁ። የደመሰስኋቸውን ንባቦች ከመጠባበቂያው መለስሁ። የገፋሁትንም ግድግዳ ወደ ቦታው መለስሁት። ስሕተቱ አራት ሜትር ነው። ለፕሮፌሰር በዝርዝር ጻፍሁ። መልሳቸው፦ «አራት ሜትር ሐቀኛ ቁጥር ነው፤ ግን አያስመርቅም።» መከላከያው ተሰርዟል። በክረምት እንደ ገና እንሞክራለን አሉ።

አቶ ታረቀኝ የስብሰባ ክፍሉ ስክሪን ከነሁለቱ ሕጎች እንደ ነበረ እንዲቀጥል አዘዋል፤ እንግዶች ይወዱታል። አዲሱ በእኔ ኮምፒውተር ብቻ ይሠራል።

የኅዳር 22ን ቀን በአዲሱ አስኬድሁት። ነጥቦቹ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ እንደ ንብ መንጋ ተከማችተዋል። ሁለት ነጥቦች ብቻ ከመንጋው ተለይተው ኮሪደሩን ይመላለሳሉ፣ ናሙና ክፍል ይገባሉ፣ ይወጣሉ። 17 እና 1። ቀኑን ሙሉ ተደራርበው ዋሉ፤ የሚገፋቸው አልነበረም።

ታኅሣሥ 25

ጠዋት። ስክሪኑ ነጥብ 17ን ከበሬ ፊት አሳየ።

ስሕተቱ አራት ሜትር ስለሆነ በበሩ ፊት ልትሆን ትችላለች፤ ላትሆንም ትችላለች። ናሙና ይዛ ወደ ሚዛን ክፍሉ እያለፈች ሊሆን ይችላል። በስሌት የሚለይበት መንገድ የለም። ነጥቡ አልተነቃነቀም። ጠበቅሁ። አሁንም አልተነቃነቀም።

ተነሥቼ በሩን ከፈትሁ።

በአንድ እጇ የመለያ ባትሪ ካርቶን፣ በሌላው ነጠላዋን ይዛ ቆማ ነበር። ካርቶኑ ያረጀ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ሲያዝ እንደ ከረመ ጠርዙ ተልጧል።

«ምነው ሳያንኳኩ?» አልሁ።

ወደ ወረቀቱ አመለከተች። «አያንኳኩ ስለሚል ነዋ።»

ወረቀቱን ነቀልሁት።